የማይታየው ግንብ

ዘጠኝ ቀን ፈጀበት ጨዋታው እስኪወርድ፤
መብራት ሲጠፋ ሲመጣ፣ ኔትወርክ ሲንገዳገድ፤
ሰማንያ ሰባት ላይ ሁለት ሌሊት ተኛ፤
ደጅ ጠናነው እኛም፣ እንደ ርስት ሙግተኛ።

እንዳላማው ጌም ቤት፣ ቅዳሜ ገበያ ዳር፣
አስር ብር ነው ለአንድ ዙር፤ የቀረው ቆሞ ይመልከት ከበር።
ወንድሜ አዝመራው መጣ፣ ከባንክ ሥራው አምልጦ፣
ክራቫቱን ኪሱ ከቶ፣ ዳገቱን በእግሩ ሮጦ።
አርባ ሊሞላው ነው፤ ጺሙ መሸበት ጀምሯል፤
ግን «የአመድ በር» ነው፤ በዚህ ማን ያፍራል?

አምስቱን ክፍል በቃል ነው የምናውቀው፣
ከአለምነው ቪዲዮ ቤት፣ መስኮቱን ጆንያ ካነቀው፣
እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ አንዱ በአንዱ ጉልበት ተደርበን፣
የላብና የቆሎ ሽታ ተከናንበን።

ባዘዘው ነበር ተርጓሚው። ማይኩን በመሐረብ ጠቅልሎ፣
ያን የባዕድ ቋንቋ በጎንደር አፍ ፈትሎ
ጋቢ አድርጎ የሚያለብሰን።
«ምን ይዋሻል!» ይሉት ነበር፤ እኛን ግን ውሸቱ ነው ያሳደገን።

ሦስተኛው ክፍል ላይ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲያገሳ፣
ታሮክ ጠላቱን በጀርባው አዝሎ ሲነሳ፣
ባዘዘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ወንድሜን የበላህ አንተ፣ አሻጋሪህ እኔ፤
እንዳትሰምጥ፣ ያዘኝ በርታ፤ ዕዳ አለብህ ለወገኔ።»

ቆሎ የሚቆረጥም ጥርስ ያኔ ቀጥ ይላል።
አዝመራው ፊቱን አዙሮ፣ «አቧራው ነው» እያለ ያለቅሳል።
ካደግን ወዲያ ነው ያወቅነው፣ ፊልሙን በራሱ ቋንቋ ስናይ፤
ታሮክ አንድ ቃል አይወጣውም በዚያ ወንዝ ላይ።

እና አሁን ስክሪኑ በራ።
ጺሙ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ካባው በነፋስ ይዋኛል፤
ዓይኑ ግን የሱቅ አሻንጉሊት ነው፤ እንደተገለጠ ተኝቷል።
መቶ ሳንቲም ልቀም ይሉታል። ሰባት በርሜል ስበር።
ሽማግሌው መካሪው፣ ነገር በምሳሌ ያስር የነበር፣
በር ላይ ተገትሮ «ፍጠን፣ ጊዜ የለም» ይላል፤
«ፍጠን፣ ጊዜ የለም።» «ፍጠን፣ ጊዜ የለም።»
ግማሽ ሰዓት ተናገረ፤ ከበሩ ግን ፈቀቅ አላለም።

ወንዙ ጋ ደረስን። ዝም አልን።
ውኃው የተወጠረ ሸራ ነው፤ አይሞላ፣ አይጎድል።
ጠላቱ የለም። ረስተውታል።
አዝመራው ወደፊት ገፋ፤ ታሮክ ሮጠ፣ ሮጠ፤
ባዶ አየር አገደው፤ እግሩ ባለበት ተራወጠ።

ግንብ አለ፤ አይታይም።
ግንብ! ለጎንደር ልጅ! ጀርባችንን ሰጥተን ያደግንበት፣
ኖራውን በጥፍራችን ፍቀን ስማችንን የጻፍንበት፣
በበጋ ሲግል የምናውቀው፣ በክረምት ሲሸብት!
ይኼን ማን ሠራው? ከምን ሊከለክለን?
በየት በኩልስ ነው በሩ?

ባዘዘው ከኋላችን ቆሞ ነበር፤ ማን እንደነገረው እንጃ።
አሁን ባጃጅ ነው የሚነዳው፤
ሞተሩ ደጅ ይንተከተካል።
አዝመራው መጫወቻውን ሰጠው፤
እሱ ግን እንደ ማይክ ወደ አፉ አስጠጋው።
ጠበቅን።
ጉሮሮውን ጠረገ። ታሮክን አየው፣ ሲሮጥ፣ ሲሮጥ።
«ይኼ ልጅ» አለ፣ «ምንም አልተሸከመም።
ባዶ ጀርባ ደግሞ አይተረጎምም።»
መልሶ ሰጠውና ወጣ።

ሰው ተበተነ። «ብራችንን!» ያለ አንድ እንኳ አልነበረም።

በሳምንቱ ማታ በዚያ ሳልፍ፣ መጋረጃው ወርዷል፤
ስገልጠው፣ አዝመራው ብቻውን ተቀምጧል።
ያው ወንዝ ዳር ነው።
ታሮክን በትከሻው ከግንቡ እያታከከ
ከጥግ እስከ ጥግ ይነዳዋል፤
አንድ ስንጥቅ፣ አንድ ያልተለሰነ ቦታ ይፈልጋል።
«ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።
ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣
«ሌላ አስር ብር አለህ?» አለኝ።